አራተኛው መስመር

ያው ግጥም ነበር።

ዱረቲ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አነበበችው። በመጋቢት የመጣው ይኸው ነበር፤ በሚያዝያም ይኸው። አሁን ግንቦት ገብቷል። የሴንት ፖል ከተማ በረዶ ቀልጦ አልቆ ጎረቤት ሣሩን እያጨደ ነው። ወይዘሮ ታዙኮ «የዚህ ወር አዲሱ» ብለው በሰጧት ወረቀት ላይ ግን፣ በሚንቀጠቀጥ የእርሳስ ጽሕፈት፣ ያው የክረምት ግጥም ተቀምጧል፦

በመስኮቴ ሥር
የበረዶ መጥረጊያው መኪና አለፈ፤
የጠረግሁትን መንገድ
መልሶ ዘጋው።
አልተሳሳተም፤ የሚመጣ የለም።

«አለቀ?» አሉ ወይዘሮ ታዙኮ። ሹራባቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

«አንድ ነው የቀረኝ» አለች ዱረቲ።

የቀረው የእሳቸው ነበር።

ወይዘሮ ታዙኮ ሂራሳካ የታንካ ገጣሚ ናቸው። ታንካ በጃፓን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ አጭር ግጥም ነው፤ አምስት መስመር ብቻ። የጥንት ሰዎች ስለ ጨረቃና ስለ አበባ ይጽፉበት ነበር። ወይዘሮ ታዙኮ ግን በወጣትነታቸው፣ ሚኒያፖሊስ የጥርስ ሕክምና ይማር የነበረ ማሳኦ የሚባል ባል አግብተው ከመጡ ወዲህ፣ ያገኙትን ሁሉ ጻፉበት፦ የልብስ ማድረቂያውን ጩኸት፣ በአውቶቡስ ውስጥ የሚያንቀላፋውን የሌሊት ሠራተኛ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ ባዶውን የቀረውን የሕመምተኛ ወንበር። በየቀኑ አንድ ግጥም። ከነዚህ የተመረጡት በአገራቸው በሁለት ስስ መጻሕፍት ታትመዋል፤ የቀሩት በብስኩት ቆርቆሮ ተሞልተው ምድር ቤቱን አጣብበዋል።

ዱረቲ ያወቀቻቸው በእናቷ በኩል ነው። አባቷ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ካረፈ በኋላ፣ እናቷ አስካለማርያም ዉድበሪ ካለው የአረጋውያን ማቆያ ሥራዋ ላይ የቅዳሜ ሺፍት ጨመረች፤ ወይዘሮ ታዙኮን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ። ዱረቲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ቤት መቅረት አያስፈራትም። ግን ቤቱ ዝም ሲል አትወደውም። ስለዚህ እናቷን ተከትላ መምጣት ጀመረች፤ የአሮጊቷ እጅ እየባሰበት ሲሄድም የገጣሚዎች ማኅበራቸው ገልባጭ ሆነች።

ማኅበሩ በወር አንድ ቅዳሜ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ይሰበሰባል። የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የጃፓን ነው። ሁሉም ግጥሙን አስቀድሞ ይልካል፤ ገልባጩ ስም ሳይጽፍ፣ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ያነባሉ፣ ይተቻሉ፣ ለወደዱት ድምፅ ይሰጣሉ። የግጥሙ ባለቤት እዚያው መሐላቸው ተቀምጦ ሲወደስም ሲወቀስም ትንፍሽ አይልም። ስም የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው።

«ገልባጭ እጅ ነው እንጂ አፍ የለውም» ብለዋት ነበር ወይዘሮ ታዙኮ በመጀመሪያው ቀን። «ስህተት ካየሽ ስህተቱን ገልብጪ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አትጨምሪ።»

እሷም ጨምራ አታውቅም። በሚያዝያ የበረዶ መጥረጊያው ግጥም ተመልሶ ሲመጣ እንዳለ ገልብጣው ነበር። ከዚያ የሆነውን ግን አትረሳውም። ተራው ሲደርስ ከተሰብሳቢዎቹ ማንም አልተናገረም። ወረቀት ተገላበጠ። አንዲት ሴት «ይኼ እኮ ባለፈው...» ብላ ጀምራ ተወችው። ወይዘሮ ታዙኮ ብቻ፣ ሥርዓቱ እንደሚያዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሰውን አስተያየት እየጠበቁ ነበር። ማንም ምንም ሳይል ወደሚቀጥለው ታለፈ። ከስብሰባው በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማች። ሴንሴ፣ ማለትም መምህራችን፣ እየሄዱ ነው አሉ። እንዲህ ከመታየታቸው በፊት ማኅበሩን በክብር መዝጋት ይሻላል ተባባሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንይ፣ አሉ።

ያ አንድ ጊዜ ዛሬ ነበር።

ዱረቲ ስልኳን አወጣች። ስልኳ ውስጥ ለማንም ያላሳየችው ነገር ነበር፤ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ግጥም። አባቷ ሙሊሳ ብሉሚንግተን አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ ነበር። በክረምት፣ ከመነሣታቸው በፊት፣ የአውሮፕላኖቹን ክንፍ በትኩስ ፈሳሽ እየረጨ በረዶ ያራግፋል። ሲነጋ ወደ ቤት ሲመጣ ወፍራም ጓንቶቹን መተላለፊያው ወለል ላይ የሂተሩ ሙቅ አየር በሚወጣበት ብረት ላይ ያቆማቸዋል፤ እንዲደርቁ። አንድ ጠዋት እንዳቆማቸው ቀሩ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እናቷ ወለሉን ስትወለውል ዙሪያቸውን ትዞራለች እንጂ አታነሣቸውም። ሂተሩ ሲነፍስ፣ አየር ሲገባባቸው፣ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።

ግጥሙ ይህን ነበር የሚለው። አራተኛው መስመር ግን ክረምቱን ሙሉ ባዶ ነበር፤ የሞከረችው ሁሉ አልገባላትም።

«ዱረቲ-ቻን» አሉ ወይዘሮ ታዙኮ፣ በጃፓን ልጅ በሚቆላመጥበት አጠራር። «ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋብናል።»

«መጣሁ» አለች።

የበረዶ መጥረጊያውን ግጥም አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ኮምፒውተሩ ላይ በሰባተኛው ቁጥር ሥር የራሷን ጻፈች። «የአባቴ» የሚለውን «የእሱ» አደረገችው። ለባዶው መስመር፣ የጃፓን ሴት የጻፈችው እንዲመስል፣ በጸደይ የሚያብበውን የፕለም ዛፍ ቅርንጫፍ አስገባችበት። ሳታስብ ፕሪንት አደረገችው፤ ብታስብ እንደማታደርገው ታውቃለች።

ሂተሩ ሲነሣ
የእሱ ጓንቶች
ጣታቸውን ያነቃንቃሉ፤
እንደ ፕለም ቅርንጫፍ በጸደይ።
ውስጣቸው እጅ የለም።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ፣ ማንሾካሾኩ ቆመ። መጀመሪያ የተናገሩት ሚስተር ሊንድክዊስት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ ከወይዘሮ ታዙኮ ጋር ሠላሳ ዓመት የጻፉ።

«ብዙ አልልም» አሉ። «የሚስቴን ጫማ ከበሩ ሥር ያነሣሁት ከሞተች በሁለተኛው ዓመት ነው። ይህን የጻፈ ሰው ያውቀዋል።» መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወረቀቱን እንደገና አዩ። «ፕለሙን ብቻ እንጃ።»

ሌሎቹም ተናገሩ። ዱረቲ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛ ነበር። ስለ አባቷ ያን ያህል ሲወራ ሰምታ አታውቅም። በለቅሶው ቤት እንኳ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ሬሳ ሣጥን፣ ስለ ቀብር ቦታ ነበር የሚወራው። እዚህ አባቷን የማያውቁ ሰዎች የጓንቶቹን ጣት አንድ በአንድ ያዩ ይመስል ነበር።

ወይዘሮ ታዙኮ በመጨረሻ ተናገሩ። ይህ ሰው ጥሎ አልሸሸም፣ ቆሞ አይቷል አሉ። ድምፃቸውንም ለሰባተኛው ሰጡ።

ስም የሚነገርበት ሰዓት ሲደርስ እያንዳንዱ እጁን እያወጣ «የእኔ ነው» አለ። ሰባተኛው ባለቤት አጣ። ሁሉም ዙሪያውን ተያዩ፤ ከዚያ ዓይኖቹ በሙሉ ወደ ዱረቲ ዞሩ፤ የገለበጠችው እሷ ናትና።

«የሴንሴ ነው» አለች።

ሳቅ ሆነ። በማኅበሩ ለራስ ግጥም ድምፅ መስጠት ነውር ነው፤ መምህሯ ራሳቸው ለራሳቸው ሰጡ። ወይዘሮ ታዙኮ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የእኔ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ፤ መብራት የሚበራበት ቤት መሰለ። «አዎ። የቤታችን ሂተር። የማሳኦ ጓንት። አስታወስሁ።»

ማኅበሩ ሊዘጋ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዎቹ በየተራ እየመጡ እጃቸውን ጨበጡ። ሚስተር ሊንድክዊስት ሲወጡ በዱረቲ አጠገብ ቆም ብለው ወረቀቱንና ፊቷን አዩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ዱረቲ በቀረችበት ቅዳሜ፣ እናቷ ከሥራ መጥታ፣ ወጥ እያማሰለች፣ ያልተጠየቀችውን ማውራት ጀመረች። ያቺ ጃፓናዊት ሴትዮ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፋ በገባች በወጣች ቁጥር ታነብላታለች። ስለ ባሏ ጓንት ነው። ከሞተ በኋላ ሂተሩ ላይ እንደነበር ቀረ፤ ላንሣው የሚል ጠፋ።

«ልክ እንደኛው» አለች እናቷ፣ ማማሰያውን ሳታቆም። «ዕንባዬ መጣ። የሰው ሐዘን እንዴት ይመሳሰላል፣ ዱሬ።»

ዱረቲ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እናቷ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ስለ ጓንቶቹ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሱም የሌላ ሰው ናቸው ብላ።

ለሰው የሰጡትን መልሰው አይጠይቁም፤ ዱረቲ ይህን ታውቃለች። ብትጠይቅስ ምን ትላለች? ግን ነገሩ በዚያ አላቆመም። የወይዘሮ ታዙኮ ልጅ ኬንጂ መጣ፤ ብሉሚንግተን ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። እናቱ በበጋው የማስታወስ ችግር ላለባቸው አረጋውያን ወደተዘጋጀ ቤት ሊገቡ ነው። ከዚያ በፊት ግጥሞቻቸውን በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ ሊያሳትምላቸው ፈልጓል። ዱረቲን ታይፕ አድርጊልኝ አላት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ተመርጧል፤ የጓንቶቹ ግጥም ነው። ማተሚያ ቤት የሚገባው ከቅዳሜ በኋላ ነው።

ለሲንቄ የነገረቻት በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ነው። ሲንቄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ሁሉንም ነገር ጮክ ብላ የምትናገር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሲንቄ። «ግጥሙ ያንቺ። ጓንቱ የአባባ። መጽሐፉ የሴትዮዋ?»

«አዎ።»

«አባባን ሳታስፈቅጂ ለሴትዮዋ ዳርሻቸዋል እኮ፣ ፍሬንድ።»

ዱረቲ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲንቄ ደንግጣ እጇን ያዘቻት።

«ሶሪ። ሙድ ይዤ አይደለም እኮ። ግን ስሚኝ፤ ዝም ካልሽ ያልቃል። ያቺ መጽሐፍ ወጣች ማለት፣ የሚያነብ ሁሉ አባባን አያውቃቸውም። አንድ የጥርስ ሐኪም ነው የሚያውቀው።»

«ከነገርኳት ትሰበራለች። ዘንድሮ የጻፈችው ያንን ግጥም ብቻ ነው የሚመስላት።»

«እሱንም አልጻፈችውም» አለች ሲንቄ፣ ወትሮዋን በማይመስል ዝግታ።

ቅዳሜ ጠዋት ኬንጂ ከምድር ቤት ቆርቆሮዎቹን እያወጣ ነበር። ዱረቲ ደረጃው ላይ አገኘችው፤ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። መቆጣቱን ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ያ ግጥም ከመጣ ወዲህ እናቱ ጠዋት ጠዋት እየዘፈኑ እንደሚነሡ ነገራት። ከዚያም ከመጽሐፉ ማውጣቱን አወጣዋለሁ አለ፤ ያንቺ ከሆነ ያንቺ ነው።

«ግን ለእሷ አንቺ ንገሪያት» አለ። «እኔ አልችልም።»

ወይዘሮ ታዙኮ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። እናቷ ዕቃ እያጠበች ነው። ዱረቲ ሳትቀመጥ ጀመረች፤ ከተቀመጠች እንደማትነግራቸው ገብቷታል።

«ሴንሴ፣ ፍሪጁ ላይ ያለው ግጥም የእርስዎ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጓንቶቹ የአባቴ ናቸው።»

ከጀርባዋ ውሃው ቆመ።

ወይዘሮ ታዙኮ ፍሪጁን አዩ፣ ዱረቲን አዩ። የያዙት ሲኒ ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ተንቀጨቀጨ።

«ማሳኦ ጓንት አይወድም ነበር» አሉ። «እጁን ኪሱ ነበር የሚከተው።» ይህን ያሉት ለራሳቸው ነው። «ታዲያ የእኔ የትኛው ነበር?»

ዱረቲ ከዚያ ቀን ወዲህ ይዛው የምትዞረውን የታጠፈ ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ወይዘሮ ታዙኮ የበረዶ መጥረጊያውን ግጥም የማያውቁት ሰው እንደጻፈው አድርገው አነበቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ስንት ጊዜ ሰጠሁሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

ዱረቲ ወለሉን አየች። አሮጊቷ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አዝነሽልኝ ነው።»

«አዎ።»

«ሐዘኔታ ጥሩ ነገር ነው። ግን እያወቅሁ ብወድቅ እመርጥ ነበር።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ዳመጡት፤ እጥፋቱ እንደማይስተካከል እያወቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የመምህር ድምፅ ሆነ። «አራተኛው መስመርሽ ይዋሻል። ፕለም ሲያብብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ለምን አስገባሽው?»

«የጃፓን ሰው የጻፈው እንዲመስል።»

ወይዘሮ ታዙኮ ሳቁ፤ አጭር፣ የደረቀ ሳቅ። «ፕለምን ከግጥሜ ለማስወጣት ዕድሜዬን ነው የፈጀሁት» አሉ። ከዚያ ድካም ወረደባቸው፤ ወደ መኝታ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ አሉ። አስካለማርያም እጇን በልብሷ አድርቃ ደግፋ ወሰደቻቸው። ስታልፍ ልጇን አላየቻትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ሬዲዮ አልከፈተችም። ሕንፃቸው ሥር መኪናውን አቁማ ሞተሩን አጠፋች፤ ቀበቶዋን ግን አልፈታችም።

«ለምን እኔን አልነገርሽኝም?»

«አንቺም አታወሪም፣ ማሚ» አለች ዱረቲ። በእንግሊዝኛ ጀምራው ነበር፤ በአማርኛ ደገመችው።

እናቷ መሪውን አልለቀቀችም። «ላነሣቸው እሄዳለሁ» አለች። «ሁልጊዜ እሄዳለሁ። አጠገባቸው ስደርስ ገና ሊመጣ ነው የሚመስለኝ። ካነሣኋቸው ሲመጣ የት ናቸው ይለኛል።» ሁለቱም በመኪናው የፊት መስተዋት በኩል የጡቡን ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ፤ ከዚያ አብረው ወጡ።

ኬንጂ ቃሉን ጠበቀ። የጓንቶቹ ግጥም ከመጽሐፉ ወጣ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የበረዶ መጥረጊያው ገባ። ማተሚያ ቤት መላኩን ለዱረቲ በቴክስት ነገራት። መልእክቱን አንብባ የጠበቀችው እፎይታ አልመጣም። ነገሩ ትክክል ነበር፤ ትክክል ሆኖ ከበዳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ላለመሄድ አስባ ነበር። የአሮጊቷን ፊት እንዴት ታያለች? እናቷ ግን ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

የወይዘሮ ታዙኮ ቤት በካርቶን ተሞልቷል። እሳቸው በዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ዱረቲን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከወንበሩ ሊነሡም ሞከሩ።

«ነይ፣ ነይ። አዲስ ግጥም አለኝ።»

ዱረቲ ባለችበት ቆመች። ፍሪጁን አየች። ወረቀቱ እዚያው ነበር፤ ማንም አላነሣውም። ለወይዘሮ ታዙኮ ግን ወረቀቱ አላስፈለጋቸውም። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር፣ ቁርስ መብላታቸውን፣ የሳምንቱን ቀን የረሱት ሴት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ግጥሙን በቃላቸው አሉት። ሂተሩን፣ ጓንቶቹን፣ ጣቶቹን። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ አላረካኝም» አሉ። «ፕለም እዚህ ምን ይሠራል?»

ኬንጂ ካርቶን ይዞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዱረቲን አያት። በዓይኑ አልለመናትም፤ አልከለከላትም። ከበስተኋላው እናቷ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ ቆማለች።

ልትነግራቸው ትችል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ያሉትን ሁሉ ዛሬም ይሉ ይሆናል፤ ማሳኦ ጓንት አይወድም ነበር፣ ስንት ጊዜ ሰጠሁሽ፣ ሰዎቹ ያውቃሉ። ሲኒው እንደገና ይንቀጨቀጫል። በሚመጣው ቅዳሜም እንደገና። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ የእሳቸው ነው፤ ያ ተስተካክሏል። እዚህ የሚባለው ከዚህ ክፍል አይወጣም።

«ከሥራ ሲገባ አንድ ነገር ያደርግ ነበር» አሉ ወይዘሮ ታዙኮ፣ ግንባራቸውን በጣቶቻቸው እየደባበሱ። «ጓንቱን ካቆመ በኋላ። መስመሩ እዚያ ነው ያለው። ጠፋብኝ። ምን ነበር የሚያደርገው?»

ዱረቲ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይንበረከካል» አለች።

እንዴት እንደሚያቆማቸው በእጇ አሳየች። «ጣታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ያቆማቸውና አጠገባቸው ይንበረከካል። እጁን ሂተሩ ላይ ያሞቃል። ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አለ፤ ሊቀሰቅስ ነው የመጣው። ግን እጁ በረዶ ነው። እስኪሞቅ ድረስ የተኛውን አይነካም።»

እናቷ አንሶላውን እንደታቀፈች ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ ቁጭ አለች።

ወይዘሮ ታዙኮ እርሳስ ፈልገው አገኙ። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።

«ቀስ በይ» አሉ። «አልደርስብሽም።»

ዱረቲ አባቷ ሲገባ ከሚሰማው የበሩ ቁልፍ ድምፅ ጀምራ፣ ቀስ ብላ፣ እንደገና ነገረቻቸው።